ትራፊክ የለም፣ ንዳው!

እኛ አገር የፍጥነት ወሰን ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ሰው ነው። ፊሽካ የያዘ፣ ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ የሚፈልግ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ምሳውን የሚበላ ሰው። አንዱን የሚኒባስ ሹፌር «እዚህ ጋ የተፈቀደው ፍጥነት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እዚህ ጋ ትራፊክ አይቆምም» ይላችኋል። ጥያቄውና መልሱ የተላለፉ ይመስላሉ፤ ግን አልተላለፉም። እሱ እንደሚያውቀው አድርጎ በትክክል መልሶላችኋል።

ሹፌር ለማማት አይደለም የተነሳሁት። ሹፌር ማማት ለተሳፋሪ ከሒሳቡ ጋር የሚታደል መብት ነው። ሲከንፍ «ነፍሰ በላ» እንለዋለን፤ ሲያዘግም ደግሞ «በሬ ነው እንዴ የጠመደው?» እንላለን። በሁለቱ መካከል ያለችውን ትክክለኛ ፍጥነት ግን አንድም ቀን ስንት እንደሆነች ተነጋግረን አናውቅም። እስቲ ዛሬ እንነጋገርባት።

በ2003 ዓ.ም. የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ፍጥነትን የሰፈረው በሁለት ነገር ነው፤ በተሽከርካሪው ክብደትና በመንገዱ ደረጃ። እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አነስተኛ ተሽከርካሪ በከተማ ክልል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፈቀደ። ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100፣ በሁለተኛ ደረጃ 70፣ በሦስተኛ ደረጃ 60 አለ። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል፤ በአንደኛ ደረጃ መንገድ መካከለኛው ተሽከርካሪ ከ80፣ ከባዱ ከ70 እንዳያልፍ ተደነገገ። ልብ በሉ፣ ደንቡ «መንገዱ አዲስ አስፋልት ነው ወይ?» አላለም። «ሹፌሩ ስንት ዓመት ነድቷል?» ብሎም አልጠየቀም። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠውም፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣውም አንድ ዓይነት መኪና ላይ ከተቀመጡ ቁጥራቸው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። በዚህ የክብደት መስፈርት ብቻ ብንሄድ ሚኒባሷ ከቤት አውቶሞቢል ጋር አንድ ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ለብቻዋ ስትመዘን 3,500 ኪሎ አትሞላማ። ነገር ግን ባልና ሚስት የሚሄዱባት ትንሽ መኪናና አሥራ ሁለት ሰው የሞላባት፣ ቁመቷ ከወርዷ የሚበልጥ «ዶልፊን» ወይም «አባዱላ» እንዴት አንድ ይሆናሉ? አሥራ ሁለት ያልኩትም በሕጉ ነው። ስድስት ትርፍ ጨምሩበት። አንዱን ሰው በ60 ኪሎ ብናስብ 360 ኪሎ ማለት ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ፍራሽ፣ አንዳንዴም እግሩን የታሰረ በግ ይወጣል። ክብደቱ ከላይ ሲሆን መኪናዋ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች። ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፍሪ የሚለቃት ሹፌር ካጋጠማችሁ ያን ሁሉ ሸክም የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። 100 ያለው ደንብ እንኳ የሚናገረው ስለ ጣሪያው ነው፤ በዚያ ቁልቁለት 40 ራሱ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሮጌው መንገድ ወደ ሐዋሳ በሚኒባስ ስሄድ ጋቢና ነበር የደረሰኝ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከሹፌሩ እኩል የፍጥነት መለኪያውን ቀስት ያያል፤ ይህ ዕድል ይሁን መርገም እስካሁን አልለየልኝም። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ እያለ ይሄዳል። ቀስቷ 110 ላይ ተቀምጣለች። ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ሲያደርግ ሹፌራችን እጁን በመስኮት አውጥቶ አመሰገነና እግሩን አነሳ። 110፣ 90፣ 70፣ 60። በዓይኔ ስፈልግ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ትራፊኩ ግራር ሥር ቆሟል። በሥርዓት፣ እንደ ቄስ ተማሪ ዝም ብለን አለፍነው። ኩርባውን እንደዞርን ቀስቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ይህ የመብራት ነገር ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል። ሹፌሮች የመንገድ ላይ ሽሚያ ላይ አንዱ ለሌላው አንዲት ጋት አይለቅም። ትራፊክ ሲኖር ግን የማያውቀውን ሰው ከቅጣት ለማዳን መብራቱን ያበራል። ለመልካም ነገር ቢውል ምን ዓይነት መረዳዳት ነበር! እንዳለመታደል ሆኖ ጥቅሙ አንድ ብቻ ነው፤ ትራፊኩ የቆመበትን ሁለት ኪሎ ሜትር ከቀሪው 270 ኪሎ ሜትር መለየት።

ሌላው ችግር የከተማ ክልሉ የት እንደሚጀምር ነው። ደንቡ በከተማ 60 ይላል። ይሁን። ግን በዚያ መስመር ላይ ከተማ የሚባለው መጀመሪያ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ሐብሐብና ሽንኩርት የሚሸጡ ልጆች፣ ከዚያ ጎሚስታ፣ ከዚያ ጋሪዎች፣ ከዚያ ድንገት ገበያ ነው። ሰሌዳው ቢኖርም ሕይወቱ ከሰሌዳው ቀድሞ ይጀምራል። ቡልቡላን ካለፍን በኋላ፣ ሹፌሩ ከተማውን ጨረስኩ ብሎ ነዳጁን ሲረግጥ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነች የአህያ ጋሪ ከግራ በኩል አስፋልቱ ላይ ወጣች። ጋሪው ላይ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ተቀምጧል። ሹፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግሩ የረገጠ መሰለኝ። ሚኒባሷ ወዲህና ወዲያ ተላትማ፣ ጎማው ጮሆ፣ ከጋሪው ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ቆመች። ልጁ ዞር ብሎ አየንና አህያዋን ቸብ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። ሞት በአጠገቡ እንዳለፈ የገባው አይመስልም።

መኪናው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ከኋላዬ የተቀመጡ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት «ልጄ» አሉ ሹፌሩን፣ «እኔ ልቅሶ ለመድረስ ነው የምሄደው፤ እባክህ ሌላ ልቅሶ አታምጣብኝ።»

«እሺ እማማ» አለ። እውነትም እሺ አለ። እስከ አርሲ ነገሌ መዳረሻ በ60 እና በ70 መካከል ሄድን። እንዴት ደስ የሚል ጉዞ መሰላችሁ! ሻላና አብጃታን እንኳ ቀና ብሎ ያየ ነበር። ከዚያ ከመጨረሻው ወንበር አንድ ወጣት ድምፁን አሰማ፤ «ሹፌር፣ በዚህ አካሄድማ ሊመሽብን ነው! ትራፊክ የለም፣ ንዳው!» ሁለት ሦስት ሰዎችም አጉረመረሙለት። ዞር ብዬ «አሁን ያየነውን ረሳኸው?» አልኩት።

«ተረፈ እኮ ጋሼ!» አለኝ።

ቀስቷ ተነሳች። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 ብትሄዱ አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ በ110 ደግሞ 49 ደቂቃ። ልጁን ሊያስከፍለን የነበረው ትርፍ 18 ደቂቃ ነው። ዝዋይ ላይ ዓሣ ልንበላ ወርደን የቆየነው አንድ ሰዓት ነበር፤ ያኔ «ሊመሽብን ነው» ያለ ሰው የለም።

እንዲህ ዓይነቱን ስሌት ያስተማረኝ እንግሊዝ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ሥራው ቫን መንዳት ነው፤ እኛ ሚኒባስ የምንላት መኪና ወንበርና መስኮት ሳይኖራት ዕቃ ስትጭን ማለት ነው። ቤት ለቤት ፖስታና ጥቅል ያድላል። አንድ ቀን ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ፣ ተቀጣሁ» አለኝ። ማን እንዳስቆመው ጠየቅኩት። ማንም አላስቆመውም። ያለፈበትን መንገድ እንኳ ያስታወሰው ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እዚያ አገር ነጭ ክብ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ሰሌዳ አለ፤ ቁጥር የለውም። «አገር አቀፉ ወሰን ይሠራል» ማለት ነው፤ ወሰኑ ስንት እንደሆነ ማወቅ የነጂው ዕዳ ነው። መካከሉ ባልተከፈለ መንገድ ላይ ለአውቶሞቢል 60 ማይል፣ በእኛ 96 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቫን ግን 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር። መካከሉ በተከፈለው ላይ አውቶሞቢል 70 ማይል ሲሄድ ቫን 60። በትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ብቻ ነው ሁለቱም 70 የሚሆኑት። ከአውቶሞቢል ተቀጥለው የተሠሩና ከነጭነታቸው ከሁለት ቶን የማይበልጡ ትንንሽ ቫኖች ከአውቶሞቢል ጋር ይቆጠራሉ። ሰው የሚጭነው ሚኒባስስ? እሱም እንደ ቫኑ 50 እና 60 ነው። እኔ ስለ ዶልፊንና አባዱላ ቅር ያለኝን ነገር እነሱ በሕግ ጽፈውታል።

የእህቴ ልጅ በ58 ማይል ነበር የሚሄደው። «ከአውቶሞቢሎቹ ጋር እኩል እኮ ነበር የምሄደው!» እያለ ተከራከረኝ፤ እኔ ዳኛ ይመስል። አውቶሞቢሎቹ ልክ ነበሩ፤ ጥፋተኛው እሱ ብቻ ነው። ይህን ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀበት።

ደብዳቤው ታዲያ መጀመሪያ የሄደው ለእሱ አይደለም። ለመኪናው ባለቤት ነው። ጥፋቱ ከተፈጸመ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቂያው በመዝገብ ለተጻፈው ባለቤት መድረስ አለበት፤ ባለቤቱም በ28 ቀን ውስጥ «በዚያን ሰዓት ይነዳ የነበረው እገሌ ነው» ብሎ መመለስ ይኖርበታል። ካልመለሰ ራሱ ይከሰሳል። ቀላሉ ቅጣት 100 ፓውንድና ሦስት ነጥብ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ከወሰኑ ብዙም ያልራቀ ሰው በነጥቡ ፋንታ ከፍሎ ትምህርት እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ የእህቴ ልጅ ትምህርቱን መረጠ።

«ምን አስተማሩህ?» አልኩት።

«ሒሳብ» አለኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ100 የሚሄደው 28 ሜትር። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ያን ሁሉ ሜትር የሄደው ገና ፍሬን ሳይዝ ነው። ከዚያ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመምቻ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ መኪናው ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲጨምር አራት ተኩል እጥፍ ይጨምራል። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር! የእኛ ሹፌር ሬዲዮ ጣቢያ እስኪቀይር ሳያውቀው የሚጨምራት።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ሲፈጠሩ እንዲህ አልነበሩም። በፍጥነት የተቀጣው የመጀመሪያ ነጂያቸው ዋልተር አርኖልድ የሚባል ሰው ነው። ጊዜው ጥር 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ዓድዋ ሊደርስ ወር ሲቀረው። የተፈቀደለት በሰዓት ሁለት ማይል ነበር፤ እሱ በስምንት ማይል ሄደ። ይህ ማለት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደኅና ሯጭ ይቀድመዋል። ያሳደደው ፖሊስ በብስክሌት ነበር፤ ይዞም አስቀጣው። ያኔ እነሱም ዘንድ ሕጉ በብስክሌት የሚያሳድድ ሰው ነበር ማለት ነው። በካሜራ መያዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ብዙ ቦታ የተተከለውን ካሜራ የፈጠረው ደግሞ ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለ የሆላንድ የመኪና ተወዳዳሪ ነው፤ መሣሪያውን መጀመሪያ የሠራው ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። የሰው ልጅ ሥራ እንዲህ ነው።

አንዱ ዓይነት ካሜራ ግን እንደ ግራር ሥሩ ትራፊክ ነው። የሚይዘው አንድ ቦታ ነው፤ ለምዶት የሚያልፈው ሰው እዚያች ላይ ቀስ ብሎ ከዚያ ይነጉዳል። ሌላው ዓይነት ነው ልቤን የሳበው። እዚህ ላይ አንድ፣ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ሌላ ካሜራ ይቆማል። የመጀመሪያው ታርጋህን አንብቦ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ርቀቱ ይታወቃል፤ ለሰዓቱ ይካፈላል፤ አማካይ ፍጥነትህ ወጣ። መሐል ላይ ብትከንፍ፣ ካሜራ ስታይ ብትለሳለስ አይጠቅምህም። ጓደኛህ መብራት ብልጭ ቢያደርግልህም አይጠቅምህም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ እኛም ዘንድ የማይታወቅ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፤ ስትወጡ በካርዱ ትከፍላላችሁ። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪያው 120። መግቢያውን የለቀቀ ሰው መጨረሻው ላይ ከ40 ደቂቃ በታች ከደረሰ ምንም ራዳር ሳይታይ ጥፋቱ በእጁ ላይ ነው ያለው። ከአውቶቡስ ተራ የሚወጣ ሚኒባስም መነሻውና መድረሻው ይታወቃል። ሰዓት ያለው ሰውና እርሳስ ይበቃል።

በእጅ የሚያዙ ራዳሮች ከተማ ውስጥ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ይጠቅማሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ሕዝብና ጭነት ማመላለሻ መኪኖች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም ታዘዘ። ጥሩ ነገር ነው። አንድ ሹፌር ግን እየሳቀ እንዳጫወተኝ «ያገጠመው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እኮ መፍቻውንም ያውቃል»። ለምን እንደሚያስፈታው ጠየቅኩት። መሳቁን አቆመ። «ማታ ባዶ እጄን ብሄድ ነገ መኪናዋን ለሌላ ይሰጣታል» አለኝ።

ይሰጣታል ያለው ባለንብረቱ ነው። እዚህ ጋ ነው ከእንግሊዞቹ ደብዳቤ ጋር የምንለያየው። እኛ ዘንድ ክሱ የሚጻፈው መሪ ጨብጦ በተገኘው ላይ ነው። የቀኑን ሒሳብ ቆርጦ የሚጠብቀው ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ሒሳቡ ቁርጥ ነው፤ ነዳጅ ቢወደድ፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ሰልፉ ቢረዝም አይቀንስም። ከሒሳቡ በላይ ያለችው ናት የሹፌሩና የረዳቱ እንጀራ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያሯሩጣቸው መንገዱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ይህን ሳስብ የሐዋሳው ሹፌር ለእናትየው «እሺ» ማለቱ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ሁለት ሚኒባስ ያለው ጎረቤት አለኝ፤ ጡረታ የወጣ፣ ጨዋ፣ እድራችንም ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የእህቴን ልጅ ታሪክ አጫወትኩትና «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በስምህ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ልጁን ዕለቱን ነበር የማባርረው!» አለ። «በእኔ ስም ክስ?»

«በምትኩ የምትቀጥረውስ ሒሳቡ ያው ነው?»

«ያው ነዋ። የባንክ ዕዳ አለብኝ እኮ።»

«ታዲያ እሱስ በምን ያመጣዋል?»

ጥቂት ዝም ብሎ ሄደ። በሩ ጋ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ «ደብዳቤ ይመጣል እንዴ? የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ።